ከቤት የመጣ ቋንቋ ስንት ነጥብ ያወጣል?

አርሊንግተን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከኮሎምቢያ ፓይክ ብዙም ሳይርቅ፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ግቢ አለ። ፎሪን ሰርቪስ ኢንስቲትዩት ይባላል። አዲስ አበባ የሚመደቡ ሰዎች ደመወዛቸው ሳይቋረጥ እዚያ ተቀምጠው ሀ ሁ ይቆጥራሉ። ተቋሙ ቋንቋዎችን የሚመድበው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለመልመድ በሚፈጅበት ጊዜ ነው። ስፓኒሽ 30 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። አማርኛ ግን 44 ሳምንት ይፈልጋል፤ በክፍል ሰዓት ሲታሰብ 1,100 ሰዓት መሆኑ ነው። ከአማርኛ በላይ ከባድ ተብለው የተቀመጡት አረብኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛና የቻይና ቋንቋዎች ናቸው።

ታዲያ በዚሁ በሰሜን ቨርጂኒያ ሃይስኩል የሚገባ የሐበሻ ልጅ የኮርስ መምረጫው ሲሰጠው፣ «የዓለም ቋንቋዎች» በሚለው ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛ፣ ላቲን፣ ዕድል ከቀናው ደግሞ ቻይንኛ ወይም አረብኛ ነው። መንግሥት በጀት መድቦ ለትልልቅ ሰዎች የሚያስተምረውን ቋንቋ ልጁ ከነለዛው ከቤቱ ይዞ መጥቷል፤ ገጹ ላይ ግን ምልክት የሚያደርግበት ቦታ የለም።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ነው የተወለደችው፤ አሁን አሥረኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሴሚስተር ሒሳቡም ኬሚስትሪውም ታሪኩም ኤ ሆኖ ስፓኒሽ ላይ ቢ ማይነስ መጣባት። የዚያን ዕለት ማታ እህቴ ደወለችልኝ። «እስኪ አንተ ንገረኝ፤ ሁለት ቋንቋ አፏን ሞልታ የምታወራ ልጅ ውጤቷ የሚወርደው በቋንቋ ነው? ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይሄ?» እኔም ያለኝን አልኳት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ነገሩ ከራሴ አልወጣ ስላለኝ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

መጀመሪያ ከእህቴ የምለይበትን ልናገር። ሌላ ቋንቋ የመማር ግዴታው ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ «አድቫንስድ ስተዲስ» የሚባለውን ዲፕሎማ የሚፈልግ ተማሪ አንድ ቋንቋ ሦስት ዓመት፣ ወይም ሁለት ቋንቋ ሁለት ሁለት ዓመት መማር አለበት። ወንዙን ተሻግረው ዲሲ ሲገቡ ለመመረቅ ሁለት ክሬዲት ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ከሚያመለክት ተማሪ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይፈልጋል፣ ሦስት ቢሆን ይመርጣል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ይህች አገር ከመቶ ዓመት በፊት የነበረችበትን ለሚያውቅ ደግሞ ከጥሩም በላይ ነው። ነብራስካ በ1919 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስምንተኛ ክፍል ላልጨረሰ ልጅ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ማስተማር ክልክል ነው የሚል ሕግ አወጣች። ሮበርት ማየር የሚባል መምህር ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ ጀርመንኛ ሲያስነብብ ተገኝቶ ተቀጣ። ሕጉን በ1923 የሻረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። ማስተማር ወንጀል ከነበረበት ተነስቶ መማር ግዴታ እስከሆነበት ድረስ የተመጣው መንገድ ረጅም ነው፤ በአንድ ቢ ማይነስ ተናድጄ ወደኋላ ይመለስ አልልም።

የእኔን ደግሞ ስሙት። የመጣሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ «በእንግሊዝኛ» ነበር የተማርነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ የመምህሩ ማብራሪያ በአማርኛ፣ ፈተናው ተመልሶ በእንግሊዝኛ፤ በአገር ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ስደርስ ካውንስለሯ በአንድ ቁጭታ ኢሶል (እንግሊዝኛ ገና ለሚለምዱ ተማሪዎች የሚሰጥ) ክፍልና ስፓኒሽ አንድ መዘገበችኝ። ማለትም አንዱን የውጭ ቋንቋ በቅጡ በማልችለው በሌላ የውጭ ቋንቋ በኩል ልማር ነው። የመጀመሪያው የቃላት ፈተና ላይ «ቢብሊዮቴካ» የሚለው መጣ። ቤተ መጻሕፍት መሆኑን አውቃለሁ፤ እንግሊዝኛውን ስጽፍ ግን አንድ ፊደል ዘለልኩና ግማሽ ነጥብ ተቀነሰብኝ። ከጎኔ የነበረው ልጅ ስፔሊንጉን አሳምሮ ጽፎ ሙሉ አገኘ፤ መልሱን ያየው ግን ከእኔ ወረቀት ላይ ነው። (አልተቀየምኩትም፤ ምሳውን ያካፍለኝ ነበር።) በዚያ ሁሉ ጊዜ «አንተ በራስህ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ትችላለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ይህን አለመናገር ንፉግነት ነው። በ2011 ካሊፎርኒያ ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ ቋንቋ ጠንቅቆ ለሚያውቅ ተመራቂ ዲፕሎማው ላይ የሚለጠፍ ማኅተም በሕግ ጀመረች፤ አብዛኞቹ ግዛቶች ተከትለዋታል፤ አማርኛም ይፈተንበታል። በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ እንደ ፌርፋክስ ባሉ ካውንቲዎች ተማሪው ተፈትኖ የቋንቋ ክሬዲት ማግኘት ይችላል፤ ከሚፈተንባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እኔ በተማሪነቴ ይህን ብሰማ ኖሮ ያንን ክፍለ ጊዜ ለሌላ ነገር አውለው ነበር።

ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ሁለት ልጆች አሉ እንበል። አንደኛዋ ከእንግሊዝኛ በቀር የማታውቅ ናት፤ ሚድል ስኩል ላይ ስፓኒሽ ጀምራ፣ ተግታ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ኤፒ (ኮሌጅ ደረጃ ያለው የሃይስኩል ኮርስ) ስፓኒሽ ትደርሳለች። በብዙ ትምህርት ቤቶች ኤፒ ክፍል ውስጥ የተገኘ ኤ የሚያዘው በ4 ሳይሆን በ5 ነው። ሁለተኛዋ አማርኛ ትናገራለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች። የክሬዲት ፈተናውን አንድ ቀን ተቀምጣ አለፈች። ትራንስክሪፕቷ ላይ የሚሰፍረው ማለፏ ብቻ ነው፤ ጂፒኤዋን አይነካውም። ግዴታዋን ተወጥታለች፣ ዕዳዋ ተከፍሏል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አማርኛዋ የሚያስገኝላት ነጥብ የለም። ክፍል ውስጥ የተማሩት ቋንቋ ወደ ላይ ይስባል፤ ከቤት የመጣው ቢበዛ ከመውደቅ ያድናል። ኮሌጅ ማመልከቻው የሚያነጻጽራቸው ደግሞ ጎን ለጎን ነው።

«ታዲያ እሷም ኤፒ አማርኛ ትውሰድ» የሚል ካለ፣ ኤፒ አማርኛ የሚባል ነገር የለም። ኤፒ ፈተና ያላቸው ቋንቋዎች ሰባት ናቸው፦ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጣልያንኛ፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ላቲን። ይህን ዝርዝር የሚያይ ሰው የተናጋሪ ብዛት ወይም የሥነ ጽሑፍ ሀብት የወሰነው ይመስለዋል። የጣልያንኛው ታሪክ የሚያሳየው ሌላ ነው። የኤፒ ፈተናዎችን የሚያወጣው ድርጅት፣ ኮሌጅ ቦርድ፣ የጣልያንኛውን ፈተና ተፈታኝ አነሰው፣ ወጪውንም አልሸፈነም ብሎ ከ2009 በኋላ አቋረጠው። የጣልያን መንግሥትና የጣልያን አሜሪካውያን ማኅበራት ተሰባስበው ገንዘብ አዋጡ፤ ፈተናው በ2012 ተመለሰ። ዓድዋን በየየካቲቱ እየዘመርን እናከብራለን፤ ይህኛውን ዘመቻ ግን ጣልያኖቹ ድል አድርገዋል፤ እኛ ሜዳው ላይም አልወጣንም።

ላቲንንም አንርሳ። በምናስቀድስበት ደብር አንድ ዲያቆን አለ፤ ሃይስኩል ተማሪ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከመሪጌታ ፊት ቁጭ ብሎ «ቀተለ፣ ቀደሰ» እያለ ግስ ሲያረባ ያደገ ልጅ ነው፤ እሑድ ቅዳሴ ላይ የግዕዙን ተሰጥዖ ሳያደናቅፍ ይመልሳል። ትምህርት ቤት ላቲን ወሰደ። መምህሩ ግስ በመደብና በቁጥር እንደሚረባ በሰሌዳ ላይ ሲያስረዱ፣ ሌላው ተማሪ ግራ ሲጋባ፣ እሱ የሚያውቀውን ነገር በሌላ ቀለም ያየ ያህል ነው የሆነለት። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ታዲያ ለግዕዙስ ምን ሰጡህ?» አሉት። «የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት» አላቸው። ልክ ነው፤ ደብሩ ፈርሞለት ነበር። ሁለቱም ጥንታዊ ናቸው፣ ሁለቱንም ገበያ ወጥቶ የሚገዛባቸው የለም፣ ሁለቱም ትልቅ ሥነ ጽሑፍ አላቸው። አንዱ ኤፒ ነው፣ አንዱ በጎ ፈቃድ። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ግዕዝ ማስተማር የጀመረው ዘፋኙን ዘ ዊኬንድን ጨምሮ ሰዎች ኪሳቸው ገብተው ነው። በዚህ ወሬ ውስጥ ገንዘብ የማይገባበት ቦታ ብፈልግ አጣሁ።

አሁን ወደ ስፓኒሽ ክፍሉ ልመለስ፤ እህቴ የማታየው ነገር እዚያ አለና። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩ ወላጆች የሚያሰሙት ቅሬታ ከእኛ ተቃራኒ ነው። «ቤታቸው ስፓኒሽ የሚያወሩ ልጆች ከእኛ ልጆች ጋር ስፓኒሽ ሁለት ተቀምጠው ኤውን ያፍሳሉ፤ ይህ ፍትሕ ነው?» ይላሉ። ሰሚው ይራራላቸዋል። የእህቴ ልጅ የቅርብ ጓደኛ ግን ወላጆቿ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ልጅ ናት፤ ስፓኒሽ ሦስት ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። የልጅቷን የታረመ ድርሰት አንድ ቀን እህቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየሁት፤ ቀይ በቀይ ነው። በሳልቫዶር ሰው ለጓደኛው የሚጠቀምበት «ቮስ» («አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ነው) ከነግሱ በየመስመሩ ተሰርዞ የመጽሐፉ «ቱ» ተተክቶበታል። እናቷ፣ አያቷ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚናገረው ስሕተት ሆነ። ፊደሎቹ ላይ የሚደረጉት የአክሰንት ምልክቶች ጎድለዋል፤ ያ በእርግጥ ስሕተት ነው፣ ማንም አላስተማራትምና። ያመጣችው ውጤት ቢ ነው። ማንበብና መጻፍ ሳትማር የመጣች ተናጋሪ፣ ክፍሉ «አንቺማ ታውቂዋለሽ» ይላታል፣ ፈተናው «አታውቂውም» ይላታል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቤታቸው ለሚናገሩት የተለየ ክፍል ከፍተዋል፤ ጥሩ መምህር ሲይዘው ትልቅ ነገር ነው። እዚያም ውስጥ ከጓቴማላ ደጋ የመጣ፣ የአፍ መፍቻው ማም የሆነ፣ ስፓኒሽን ራሱን ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ «ላቲኖ» ስለሆነ ብቻ ይመደባል።

ይህ የኛንም ነገር ያስታውሰኛል። ከኢትዮጵያ መጣ ሲባል ቤቱ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ የሚላክለት፣ አፉን የፈታው ግን በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የሆነ ልጅ ስንት ነው? «አማርኛ ተፈተን» የሚባለው እሱም ነው። ለእሱ ይህ ሁለተኛ ግዴታ እንጂ መብት አይደለም።

የአማርኛ ተናጋሪዎቹም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። በአሥራ አምስት በአሥራ ስድስት ዓመቱ የመጣው ፈተናውን እየሳቀ ያልፋል፤ ችግሩ ፈተናው መኖሩን የሚነግረው ማጣቱ ነው። ወላጁ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፣ ማስታወቂያው የሚመጣው በኢሜይል ነው፣ ካውንስለሩ የሚይዘው ተማሪ ብዙ ነው። እዚህ የተወለደው ደግሞ ወላጁ መረጃው አለው፤ ልጁ ግን ፊደል የለውም። የእህቴን ልጅ እንሞክርሽ ብዬ «ስለ ትምህርት ቤትሽ አንድ ገጽ ጻፊ» አልኳት። ስታወራ ቀልዱም ምጸቱም ያላት ልጅ እስክሪብቶ ስትይዝ ሌላ ሰው ሆነች። «ጠ»ን ከ«ጨ» ለመለየት ስልኳን አየች፤ «ቋ» እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ። «ትምህርት ቤት በአውቶብስ እሄዳለው» ብላ ጻፈች። እዚህ ላይ አልፈረድኩባትም፤ «እሄዳለው» ዲግሪ የጫኑ ሰዎች ፌስቡክ ላይ በየቀኑ የሚጽፉት ነው። ገጹ ሳይሞላ ደከማት። «አጎቴ፣ ስፓኒሽ በስንት ጣዕሙ» አለችኝ፤ ይህን ያለችው በአማርኛ መሆኑን ልብ በሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደብሩ የሚያስተምረው የፊደል ትምህርት ነበረ፤ እስከ አምስተኛ ክፍል ሄዳለች። ከዚያ እግር ኳስ መጣ፣ ቫዮሊን መጣ፣ የሒሳብ ጥናት መጣ። እህቴን አልወቅሳትም። ለቫዮሊኑ ትምህርት ቤቱ ውጤት ይሰጣል፤ ለፊደሉ የሚሰጥ የለም። ወላጅ ልጁን የሚያሰልፈው ነጥብ ወዳለበት ነው፤ አማርኛው በዚያው ቀረ። እንግዲህ የክሬዲቱ ሕግ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው በአሥረኛ ክፍል አይመስለኝም፤ ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ ቅዳሜ ጠዋት የት ይሂድ ተብሎ ሲወሰን ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ስዊድን ያሉ ዘመዶቻችን ያውቃሉ። እዚያ ከ1977 የቋንቋ ማሻሻያ ወዲህ የቤት ቋንቋ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ አማርኛና ትግርኛ ጭምር። ሁኔታ አለው፤ በማዘጋጃ ቤቱ ቢያንስ አምስት ተማሪ መገኘት አለበት፣ የሚመጥን መምህርም ያስፈልጋል፤ በሳምንት የሚሰጠውም ሰዓት ትንሽ ነው። ግን ውጤት ይሰጥበታል፣ ከሌሎቹ ትምህርቶች እኩል ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። እስራኤል ውስጥም አማርኛ በባግሩት ማለትም በማትሪኩ ከሚመረጡት አንዱ ነው። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ቴክሳስ የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ቋንቋ በውጭ ቋንቋ ክሬዲት ቦታ እንዲቆጠር ፈቅዳለች። ጃቫ ክፍል አለው፣ መምህር አለው፣ ውጤት አለው። ጃቫን አልጠላም፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ዳላስ ያለ የሐበሻ ልጅ ግን በጃቫ ኤ ሊያገኝ ይችላል፤ ቤቱ በሚናገረው አማርኛስ?

እህቴን «ሦስት ነገር አድርጊ» አልኳት። የክሬዲት ፈተናው ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት ካውንስለሩን በጽሑፍ ጠይቂ፤ በቃል የተጠየቀ ይረሳል። ከመሪጌታ ጋር ሆነሽ ልጅቷን ለድርሰቱ አዘጋጂያት፤ ንግግሩ አያሳስባትም። ስፓኒሹንም እንዳታቋርጪባት፤ ቢ ማይነሱ አይገድላትም፣ አራተኛው ዓመት ግን ማመልከቻዋ ላይ ይታያል። እህቴ ሦስተኛውን አልወደደችውም። «ያው ተመልሰህ ስፓኒሽ!» ብላ ሳቀች።

የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ መናገር ይቻላል። የምጠይቀውን ጽፌ ይዣለሁ፤ ትንሽ ነገር ናት። ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ከፈለገ ያገኘው ደረጃ ወደ ፊደል ውጤት ተቀይሮ ጂፒኤው ውስጥ ይግባለት፤ ካልፈለገ እንደ ዛሬው ማለፉ ብቻ ይጻፍለት። አንድ የማውቀው መምህር ሐሳቡን ሲሰማ «ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የቤት ሥራ ሲሠራ ከከረመው ጋር በአንድ ቀን ፈተና እንዴት እኩል ይሆናል?» አለኝ። ክርክሩ ክብደት አለው። መልሴ፣ ልጁም ባዶ እጁን ወደ ፈተናው አልመጣም፤ ከመንግሥት 1,100 ሰዓት በላይ የሆነ ትምህርት በገዛ ቤቱ ጨርሶ ነው የመጣው የሚል ነው። መምህሩ አላመነም፤ እስካሁን እንከራከራለን። የሲዳምኛና የጉራግኛ ተናጋሪው ልጅ ጉዳይ ላይ ግን ሁለታችንም መልስ አላገኘንም። ለእሱ ፈተናውን የሚያወጣለትም፣ ወረቀቱን የሚያርምለትም ሰው መጀመሪያ መገኘት አለበት፤ እኔ የጻፍኳት ጥያቄ እሱ ዘንድ አትደርስም።